የምርምር ወረቀት "ተጠቀሰ" ሲባል ምን ማለት ነው?

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ነው የጫነብኝ። እንደምታስታውሱት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አባሎቻችንን ለማነጋገር ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጥቶልን ነበር። ከደብዳቤው ጋር የጥናቱ መሪ የሥራ ታሪክ ተያይዟል። ገጹ ስለ በሽታው ብዙም አይናገርም። ስንት ጽሑፍ እንዳሳተሙ፣ ጽሑፎቻቸው በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ፣ "ኤች-ኢንዴክሳቸው" ስንት እንደሆነ ነው የሚዘረዝረው። ጸሐፊያችን ይህን አንብባ ስትጨርስ አንዲት እናታችን (ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ) "ታዲያ ይሄ ሁሉ ከተጻፈ የእኔ የልጅ ልጅ እስካሁን ለምን ትወድቃለች?" ብለው ጠየቁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሥራ ዘመኔን በቤተ መጻሕፍት ያሳለፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ ተላከ። እኔም እንደ ቤተ መጻሕፍት ሰው እመልሳለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ደብዳቤውን ስለጻፉት ሰውም አላወራም፤ እሳቸውን አላውቃቸውምና ፍርድ መስጠት አይገባኝም። በእሳቸው ፋንታ ሥራቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ በዚሁ በሽታ ላይ አገራችን ውስጥ የቆጠሩ አንድ ታላቅ ሐኪም ወስጄ የታተመ ሥራቸውን አብረን እናያለን። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው።

መጀመሪያ ግን መጠቀስ የሚባለውን ነገር እንፍታው። በሰፈራችን በርበሬዋ የተመሰገነች ሴት አለች እንበል። ሌላዋ በርበሬ አዘጋጅታ "እንዴት እንዲህ አማረልሽ?" ስትባል "ከእከሊት ነው የተማርኩት" ትላለች። አንድ ጥቅስ ማለት ይኸው ነው። ተመራማሪ ጽሑፍ ሲጽፍ መጨረሻው ላይ "ይህን ከእከሌ አገኘሁት፣ ያንን ከእከሊት" እያለ ይዘረዝራል። የእነዚህ ዝርዝሮች ሁሉ ድምር ሲቆጠር ማን ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይታወቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። "እንደ እከሊት ባዘጋጅ ተበላሸብኝ" ብላ ብታማትም ያው ስሟ ተጠርቷል። ቆጣሪው ምስጋናንና ወቀሳን አይለይም። ራስን መጥቀስም አለ፤ "ይህን ከራሴ ተማርኩት" እንደማለት ነው፤ አንዳንዱ ያበዛዋል።

ይህን ቆጠራ በወጉ ያቋቋመው ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሐሳቡን ጻፈ፣ በ1960ዎቹ የመጀመሪያውን ትልቅ የጥቅስ ማውጫ አሳተመ። ሐሳቡን ያገኘው ከጠበቆች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ፍርዶች እንደተጠቀሰና እንደጸና የሚከታተሉበት መዝገብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነበራቸው። ጋርፊልድ መጀመሪያ ያሰበው አንባቢ ጽሑፍ እንዲያገኝ ለመርዳት ነበር። እኔም በሥራዬ ለዚያ ተጠቅሜበታለሁ፣ ለዚያ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሰውን መመዘኛ የሆነው በኋላ ነው።

ኤች-ኢንዴክስ የመጣው ደግሞ በ2005 ነው፤ ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንዲት ተመራማሪ 5 ጽሑፎች አሏት እንበል። አንዱ 40 ጊዜ፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 3፣ አራተኛው 2 ጊዜ ተጠቅሷል፣ አምስተኛውን ማንም አልጠቀሰውም። ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች ስላሏት ኤች-ኢንዴክሷ 3 ነው። ያ 40 ጊዜ የተጠቀሰው ነገ 400 ቢደርስም 3 እንደሆነች ትቀራለች። አንድ ትልቅ ነገር ሠርታ ከምታርፍ ሴት ይልቅ ሳታቋርጥ መጠነኛ ነገር የምታሳትም ሴት በዚህ ስሌት ትበልጣለች ማለት ነው። ዕድሜም ይቆጠራል፤ ወጣት ተመራማሪ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ጽሑፏ ተነቦ እስኪጠቀስ ዓመታት ይወስዳል።

አሁን ወደ ፕሮፌሰር ረዳ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1990 "ኒውሮኤፒዲሚዮሎጂ" በሚባል ጆርናል ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። አብረዋቸው የጻፉት ኢትዮጵያውያንና በስዊድን ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ሥራው የተሠራው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ነው። በደንብ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች 60,820 ሕዝብ የሚኖርበትን አካባቢ በር ለበር እያንኳኩ ዞሩ። ጥያቄ ጠየቁ፣ ቀላል ምርመራ አደረጉ፣ የነርቭ ችግር ያለበት የሚመስለውን ሰው ለይተው ወደ ሐኪም አቀረቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለውና። ጽሑፉ እነዚህ ሠራተኞች ምን ያህል በትክክል እንደለዩ ጭምር ይናገራል። በትክክል ከታመሙት 100 ሰዎች 91ዱን አግኝተዋል፤ ካልታመሙት 100 ደግሞ 85ቱን በትክክል "ጤነኛ" ብለው አልፈዋል። ሐኪም አይደሉም። ከእኛ መካከል እንዳሉት የሰፈር አስተባባሪዎች ያሉ ሰዎች ናቸው። "ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል" ለሚል ሁሉ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

በዚያ ቆጠራ ከተገኙት የነርቭ ችግሮች ሁሉ የበዛው የሚጥል በሽታ ነበር። ፖሊዮ ካስከተለው ሽባነት ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያው ዓመት "ኤፒሌፕሲ ሪሰርች" ላይ በወጣው ሁለተኛ ጽሑፍ 316 ታማሚዎች በዝርዝር ቀርበዋል። ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ ሳነበው ደንግጬ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ ደግሜ ያነበብኩት። ከእነዚህ ሰዎች የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእጃችሁ አስሉት። ከ316 ሰው አምስት ሰው። በብዛት የተለመደው የባሕል መድኃኒት፣ ጠበልና ክታብ ነበር።

ጠበልን ማንም አይንካብኝ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ለሚጥል በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕክምና በወጉ ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። መድኃኒቱ ከተገኘ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ቡታጅራ ላይ የደረሰው ለአምስት ሰው ነበር።

በ1991 ደግሞ "ሶሻል ሳይንስ ኤንድ ሜዲስን" ላይ የገጠሩ ሕዝብ ስለ በሽታው ያለውን አመለካከት ጻፉ። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ርኩስ መንፈስ ነው መባሉን፣ ሲወድቅ የነካው ሰው ይይዘዋል ተብሎ መፈራቱን፣ ልጅ እሳት ውስጥ ወድቃ እያለች ሰው ከሩቅ ቆሞ ማየቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። (የሚጥል በሽታ በመንካት አይተላለፍም። የወደቀን ሰው በጎኑ አስተኙት፣ ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ምንም አይጠቅመውም።) በ1997 "ኤፒሌፕሲያ" ላይ የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ስንት አዲስ ሰው በየዓመቱ እንደሚታመም ነው የቆጠረው። ከ100,000 ሰው 64።

እንግዲህ እነዚህን ጽሑፎች ማን ጠቀሳቸው? ስለ አፍሪካ የሚጥል በሽታ ጥቅል ጥናት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የአገሮችን ቁጥር በሰንጠረዥ ሲደረድር ከኢትዮጵያ የሚያስቀምጠው የቡታጅራን ነው። ከቡታጅራ በፊት በዚያ ሰንጠረዥ ላይ በአገራችን ስም ፊት ለፊት በር ለበር የተቆጠረ እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረም። ሰንጠረዥ ላይ የሌለ አገር በጀት ሲደለደል አይነሳም። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ስለዚሁ በሽታ የጻፉት ወጣቶችም በመግቢያቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ያንኑ 5.2 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2015 የሚጥል በሽታን የሚመለከት ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ በ2022 ደግሞ እስከ 2031 የሚዘልቅ የነርቭ በሽታዎች የጋራ የሥራ ዕቅድ ሲያጸድቅ፣ አገሮች ለሕክምና በቂ ትኩረት አልሰጡም ተብሎ የተነሳው ክርክር የቆመው እንዲህ ባሉ ቆጠራዎች ላይ ነው። አንድ ወረቀት ብቻውን አላመጣውም። ግን ባዶ እጅ ቢኬድ ኖሮ ምን ተብሎ ይከራከራሉ?

ስለዚህ "ተጠቀሰ" ማለት ባዶ ወሬ አይደለም። ይህን በመጀመሪያ ልናገር የፈለግኩት አንዳንዶቻችን በመማረር ሁሉንም ተመራማሪ በአንድ ስለምናማ ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራው የማያየው ብዙ ነገር አለ። ከስም ልጀምር፤ ይህ በሙያዬ የሚያናድደኝ ነገር ነው። የፈረንጅ ማውጫ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚወስደው። የሚጥል በሽታ ጽሑፎቹ "ተክለ-ሃይማኖት፣ ረ." ተብለው ነው የገቡት። ፕሮፌሰሩ በ1987 በስምጥ ሸለቆ የውኃ ፍሎራይድ በአጥንትና በጥርስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የጻፉት፣ በ1990 ደግሞ ያው ፍሎራይድ አከርካሪን ተጭኖ እግር ስለማሽመድመዱ "ፓራፕሌጂያ" ላይ ያሳተሙት ግን "ሃይማኖት፣ ረ. ተ." በሚል ነው የተመዘገቡት። የአባታቸው ስም ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ኋላ ቀርቷል! ማሽኑ ሁለት ሰው ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የአንዱን ጥቅስ ለሁለት ከከፈላችሁት ደግሞ ኤች-ኢንዴክሱም አብሮ ይቀንሳል። የፈረንጅ ሴቶችም ሲያገቡ ስማቸውን ሲቀይሩ ይኸው ይደርስባቸዋል፤ ከጋብቻ በፊት የጻፉት በአንድ ስም፣ በኋላ የጻፉት በሌላ ይሆናል። እኛ አግብተንም በአባታችን ስም እንጠራለን፣ በዚህስ ተሽለናል። ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ስማቸውን በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፉ ምከሯቸው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ የሚቆጠረው ማውጫው በሚከታተላቸው ጆርናሎች ውስጥ ከተጠቀሰ ነው። በአፍሪካ የሚታተሙ ብዙ ጆርናሎች በትልልቆቹ ማውጫዎች ውስጥ የሉም። አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ጽሑፉን አንብባ አሠራሯን ብትቀይር አይቆጠርም። ፕሮፌሰር ረዳ ስለ ጓያ የጻፉትን ውሰዱ። ደምቢያና ፎገራ ላይ ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይቀራል፤ ገበሬው እሱኑ አብዝቶ ሲበላ እግሩ ይተሳሰራል፣ ዕድሜ ልኩን በዱላ ይሄዳል። በ1990 በዓለም አቀፉ የኤፒዲሚዮሎጂ ጆርናል ላይ ይህን አሳተሙ። ያን ጽሑፍ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ መርዙ የቀነሰ ዘር ለማውጣት የሚደክሙ የእርሻ ተመራማሪዎችም ይጠቅሱታል። ይህ ጥሩ ነው፣ ይቆጠራል። "ጓያ አታብዢ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅዪ" ብላ ጎረቤቷን የመከረችውን ሴት ግን ምንም ማውጫ አይመዘግባትም።

ሦስተኛ፣ ያስተማሩት አይቆጠርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ነርቭ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ልጃችሁን የምታሳዩበት ሐኪም እዚህ የሠለጠነ ከሆነ ያ የማን ጥቅስ ነው? እነዚያ በር ለበር የዞሩት ሠራተኞችም በጸሐፊነት አልሰፈሩም። ቆጠራው በእግራቸው ነው የተሠራው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከሰንጠረዥ የወጣ። ከቡታጅራው ጥናት ቁጥሮች መካከል የወንዱ ከ1,000 5.8፣ የሴቷ 4.6 ነው። ለምን ሴቷ አነሰች? በሽታው በብዙ አገር በወንድ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይህ የሚታወቅ ነው። እኔ ግን እንደ እናት ሳነበው ሌላ ነገርም ጠረጠርኩ። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያላት እናት፣ የማታውቀው ሰው በሯን አንኳኩቶ "እቤትሽ የሚወድቅ አለ?" ቢላት ምን ትመልሳለች? እኛ እዚህ የተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ለዓመታት "የለም" ያልን? የእኔ ግምት ነው፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ። ነገር ግን ቁጥር ላይ የምትደርሰው በር የተከፈተላት ልጅ ብቻ ናት።

አንዲት አባላችን እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። ልጇ በስምንት ዓመቷ ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠያቂዎች እቤቷ መጥተዋል። ሦስቱንም ጊዜ ቡና አፍልታ ሁሉን ነግራለች፣ የልጇን እጅ አሳይታለች። የተመለሰ የለም። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ "የመጀመሪያው ወረቀት የት እንደደረሰ ፈልጊልኝ" አለችኝ። ፈለግኩ፣ ተገኘ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ሙሉውን ለማንበብም ክፍያ ይጠየቃል፤ በድሮ ባልደረቦቼ በኩል አገኘሁትና እቤቷ ይዤ ሄድኩ። ገጽ በገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሰንጠረዡ ላይ ስንደርስ "የአካል ጉዳት፦ ቃጠሎ" የሚል መስመር አለ፤ ከፊቱ አንድ ቁጥር።

"የእኔዋ የትኛዋ ናት?" አለችኝ።

"ከእነዚህ አንዷ ናት" አልኳት።

ዝም ብላ ቆይታ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥሩን ግን በጣቷ ነካችው። ከዚያ "ጽፈዋላ" አለች። መናደዷን ጠብቄ ነበር፣ አልተናደደችም። ቆይታ ግን "መድኃኒቱ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ የሚለውስ የትኛው ጋ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ያ ጥያቄ በዚያ ወረቀት ውስጥ አልተጠየቀም።

እንግዲህ የእናታችንን ጥያቄ የምመልሰው እንዲህ ነው። የልጅ ልጅዎ እስካሁን የምትወድቀው ስለተጻፈ ወይም ስላልተጻፈ አይደለም። ወረቀት ከተመራማሪ ወደ ተመራማሪ ይሄዳል፣ ጥቅስ የሚቆጥረውም ይህንን ጉዞ ነው። ከተመራማሪ ወደ ጤና ቢሮ፣ ከጤና ቢሮ ወደ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያም ወደ እርስዎ ቤት ያለው መንገድ ሌላ ነው፣ ያን የሚቆጥር ማውጫ የለም። ኪኒኑ ጤና ጣቢያ ላይ ሲያልቅና ልጅቷ በድንገት ስታቋርጥ (በድንገት ማቋረጥ ደግሞ መጣሉን ያብሳል) ማንም "ተጠቀሰ" አይልም። ያንን የምናየው እኛ ነን።

ደጋፊዎቻችንን ይቅርታ እየጠየቅኩ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተም በየሩብ ዓመቱ የምትጠይቁን ቁጥር ነው። ስንት ሴት ሠለጠነች፣ ስንት ብድር ተሰጠ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ። እንልካለን፣ እናንተም ለበላይ ትልካላችሁ። እኛም የራሳችን ኤች-ኢንዴክስ አለን ማለት ነው! ባለፈው ዓመት ሪፖርታችን ላይ "ስለ ሚጥል በሽታ ግንዛቤ ያገኙ ሴቶች" የሚል መስመር ሞልተናል። ከእነዚያ ሴቶች ልጆች ስንቶቹ መድኃኒት ሳያቋርጡ ስድስት ወር እንደወሰዱ የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም፣ እኛም አልጨመርነውም። ጣታችንን ወደ ተመራማሪ ብቻ መቀሰር የማንችለው ለዚህ ነው።

ደብዳቤውን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ፈቃድ እንስጥ ነው። ከማይቆጠር መቆጠር ይሻላል፤ የቡታጅራዎቹ እናቶች በር ባይከፍቱ ኖሮ ያ 1.6 በመቶ አይታወቅም ነበር። ግን እንደ በፊቱ ቡና አፍልተን ብቻ አንሸኝም። መጠይቁ መድኃኒት ስለ መገኘቱና ስለ መቋረጡ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ጠያቂዎቹ ከመካከላችን ሠልጥነው ቢሠሩ፣ ወጣት ልጅ ያላት እናት ከማታውቀው ወንድ ይልቅ ለእኛ በሯን ትከፍታለች። የሠሩት ሴቶች ስም በጽሑፉ የምስጋና ክፍል፣ ሥራቸው ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በጸሐፊዎቹ ተርታ ይግባ። የማንም ልጅ ስም ግን አይውጣ፤ ይህ የማይደራደሩበት ነው። ሕክምና ሳታገኝ የተገኘች ልጅ ተመዝግባ ብቻ አትቀር፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይመደብ። ውጤቱም ከታተመ በኋላ በአማርኛ ተጽፎ እዚሁ አዳራሽ መጥተው ያንብቡልን። ስንት ጊዜ እንደሚጠቀስ እነሱ ይከታተሉ፤ ስንት ልጅ መድኃኒት ላይ እንደቆየች የሚመዘግበውን ደብተር እኛ እንያዝ። ደብተሩን ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው።

የመልሱ ረቂቅ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንበብ የምትቸገሩ እናቶች ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ አነብላችኋለሁ። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ያቺ አባላችን ግን ረቂቁ ላይ አንድ መስመር አስጨምራለች፦ ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው እሷ ቤት እንዲሆን። ቡናው በእሷ ነው።